ለመርጃን የሚሆን መብራት

ወሎ ያደገ ሰው ኮራል የሚለውን ቃል ባያውቅ መርጃን የሚለውን ያውቃል። የአያቶቻችን አንገት ላይ ከጨሌው ጋር ተሰክቶ የምናየው ቀይ ነገር ነው። ቁርኣን የቀራ ደግሞ አር-ረሕማን በተባለው ምዕራፍ ከሉል ጋር ተጠርቶ ያገኘዋል። ብዙው ሰው ታዲያ መርጃንን ከከበረ ድንጋይ ነው የሚቆጥረው። ድንጋይ ደግሞ መብራት አይፈልግም። ስለዚህ "መርጃን በቤት ውስጥ ለማሳደግ የቱ መብራት ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ኮምቦልቻ ላይ ሲነሳ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

መርጃን እንስሳ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ፖሊፕ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት እልፍ ሆነው ተጣብቀው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። አንዳንዱ ፖሊፕ የጤፍ ፍሬ ያህላል፣ አንዳንዱ ከብር ሳንቲም ይሰፋል። ድንጋዩ ቤታቸው ነው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየለቀሙ ራሳቸው የሠሩት ነው። የአንገት ጌጥ የሚሆነው ቀዩ መርጃን ሌላ ዘር ነው፤ ጥልቅና ጨለማ ቦታ ይኖራል፣ ብርሃን ግዱም አይደለም። እኔ የማወራው ስለነዚያኛዎቹ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ የባሕር ውስጥ ተራራ ስለሚሠሩት፣ ቀይ ባሕርን ስለሞሉት።

እነዚህ በሥጋቸው ውስጥ ደባል አላቸው። ደባሉ በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ያዘጋጃል፣ ከሚያዘጋጀውም አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ እንደ ቤት ኪራይ ቁጠሩት። ብዙዎቹ መርጃኖች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኙት ከዚህ ደባል ነው። ባለቤቱ ደግሞ መጠለያ ይሰጣል፣ ከራሱ የሚወጣውን ቆሻሻም እንደ ማዳበሪያ ያቀብላል። ስለዚህ ለመርጃን መብራት መምረጥ ማለት ለደባሉ መብራት መምረጥ ማለት ነው። ደባሉ ከተቸገረ ባለቤቱም ይራባል።

ይህን ያወቅኩት ትምህርት ቤት አይደለም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ያወቅኩት ጂዳ ነው፤ በሰው ቤት።

*

ጂዳ የገባሁት በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ የሄዱ ልጆችን ብትጠይቁ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ደላላ፣ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ መዳም። አዲስ ነገር የለውም፣ አላረዝመውም። የኔ ልዩ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የገባሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም የባሕር ውሃ ገንዳ ነበረ። በውስጡ ዓሣ ብቻ አልነበረም፤ መርጃን ነበረበት፤ ሕይወት ያለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ።

ገንዳውን የሚቆጣጠረው በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ ግብፃዊ ባለሙያ ነበር። የቤቱ ሰዎች "ባሽ ሙሐንዲስ" ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ጠራሁት። በመካከል ያሉትን ቀናት የሚከታተል ሰው ስላስፈለገው መዳምን ጠየቃት፤ እሷም እኔን ሰጠችው። ሥራዬ ቀላል ነበር። የተነነውን ውሃ ጨው በሌለው ውሃ መተካት፣ መስታወቱን መወልወል፣ ሙቀቱን በየጠዋቱ ማየትና ደብተር ላይ መጻፍ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። ጂዳ በሐምሌ ውጭው እሳት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ለገንዳው ሲባል ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን አይጠፋም።

የኔ ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነበረች። መስኮት የላትም። ጣሪያው ላይ አንድ ቢጫ አምፖል አለ። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ ስለ ብርሃን የተማርኩት ከዚያች ክፍል ወጥቼ ወደ ሳሎኑ ስገባ ባለው ልዩነት ስለሆነ ነው። በክፍሌ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አይለይም ነበር። ገንዳው ግን ጎህ አለው፤ መብራቱ ሲበራ ቀስ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል፣ ማታ ደግሞ በተራው ይመሻል። መጽሐፍ ማንበብ ስፈልግ እዚያ ሄጄ ነበር የምቆመው።

ባሽ ሙሐንዲስ የሚወደው ወሬ መብራት ነበር። መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር "ዓይንሽን አትመኚ" የሚል ነው። የሰው ዓይን አረንጓዴና ቢጫ ብርሃን ላይ ስል ነው፤ ሰማያዊው ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ ቢጫ አምፖል ለኛ ደማቅ መስሎ ይታየናል፤ ለመርጃኑ ደባል ግን እምብዛም አይጠቅመውም። ሰማያዊው ለኛ የደበዘዘ ሲመስለን ለሱ ምግብ ነው። ምክንያቱ ባሕሩ ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ። ወደ ታች ዘልቆ የሚሄደው ሰማያዊው ነው። የመርጃን ደባል ያን ብርሃን መብላት ለምዷል። በቁጥር ይባል ከተባለ ከ400 እስከ 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ክፍል ነው ዋናው።

የመብራት ማሸጊያ ላይ ኬልቪን የሚባል ቁጥር ይጻፋል። ቤታችን የምንሰቅለው አምፖል ከ2,700 እስከ 6,500 ነው። ዝቅተኛው ቢጫ፣ ከፍተኛው ነጭ። ለመርጃን የሚሸጡት ግን ከ10,000 ጀምሮ እስከ 20,000 ይደርሳሉ፤ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ያ ቁጥር ግን የቀለም ቁጥር እንጂ የብዛት አይደለም። ብዛቱን የሚለካው ባሽ ሙሐንዲስ ፓር የሚለው ነው፤ ተክልና አልጌ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ብርሃን ምን ያህል በየሴኮንዱ እንደሚያርፍ የሚናገር። መለኪያው ገመድ ያለው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው። ቀትር ላይ ደመና በሌለበት የፀሐይዋ ቁጥር ወደ 2,000 ይጠጋል። ገንዳው ውስጥ ግን ላይኛው ድንጋይ ጫፍ 350፣ መሃሉ 180፣ አሸዋው ላይ 80 ነበር።

ምርጫው እንግዲህ መብራት ብቻ አይደለም፤ ቦታም ነው። ለስላሳዎቹ፣ አጥንት የሌላቸው መርጃኖች፣ ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል፤ ታች ይቀመጣሉ። ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ባለ አጥንቶች ከ100 እስከ 200 ይወዳሉ። እንደ አክሮፖራ ያሉት፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድጉት፣ ከ200 እስከ 400 ይፈልጋሉ፤ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ መብራት ገዝቶ ሁሉንም ማኖር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ልኩን ካገኘ።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ መብራቱ ራሱ ተለውጧል። መጀመሪያ የነበረው ሜታል ሃላይድ የሚባለው ነው፤ እንደ ስታዲየም መብራት ያለ። መርጃኑን በደንብ ያሳድጋል፣ ውሃው ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ይጫወታል፤ ግን ይግላል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ አምፖሉም ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ ይለወጣል። ብዙ ሰው ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንጎችም ይጠቀም ነበር፤ እነሱ ብርሃኑን አስተካክለው ይበትናሉ፣ ጥላ አያበዙም። ኋላ ኤልኢዲ መጣ። ኤልኢዲው ቀዝቃዛ ነው፣ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ባሽ ሙሐንዲስ አዲሱን መብራት ሲሰቅል በሙሉ ኃይሉ አላበራውም። ከግማሽ በታች ጀመረ፤ በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመረ ወር ተኩል አስኬደው። "ሹዌያ ሹዌያ" ይላል፤ ቀስ በቀስ። ብርሃን ያነሰበት መርጃን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ቡናማ ይሆናል፣ ምክንያቱም ደባሉን እያበዛ ያለችውን ብርሃን ለመልቀም ይሞክራል፤ ጊዜ ይሰጥሃል። ብርሃን የበዛበት ግን በቀናት ውስጥ ይነጣል።

*

ሲነጣም አይቻለሁ።

አራተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ድግስ ነበረ፤ እንግዶች ፎቶ የሚነሱት ገንዳው ፊት ነው። ታላቁ ልጅ መብራቱን በስልኩ ሙሉ ላይ አደረገው፤ ነጩንም ሰማያዊውንም። ድግሱ አለቀ፣ ማስተካከያው እንደዚያው ቀረ። ስልኩ ላይ ያለውን እኔ መንካት አልችልም። በሦስተኛው ቀን ላይኛው አክሮፖራ ጫፉ ገረጣ። በአምስተኛው እንደ ኖራ ሆነ።

የሚሆነው ይህ ነው። ብርሃን ሲበዛ ወይም ውሃ ሲሞቅ ደባሉ ከሚችለው በላይ ይሠራል፤ በሥራው ላይ የሚያወጣው ኦክስጅን ወደ መርዝነት ይለወጣል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ደባሉን ያስወጣዋል። መርጃን ሲነጣ ገና አልሞተም። ሥጋው መስታወት የመሰለ ነው፤ ደባሉ ሲወጣ ከስር ያለው ነጭ አጥንት ነው የሚታየው። እርጋታ ካገኘ ሌላ ደባል ተቀብሎ ሊድን ይችላል። ካላገኘ በሳምንታት ውስጥ በረሃብ ያልቃል። በዓለም ባሕሮች ላይ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚሰማው የመንጣት ዜናም ይኸው ነው፤ ልኩ ሰፋ እንጂ።

ባሽ ሙሐንዲስ መጥቶ ደብተሬን አየ። ሙቀቱ በየቀኑ ተጽፏል፣ ሁሉም ልክ ነው። መብራቱን ዝቅ አደረገው። ምክንያቱንም ለቤቱ ሰዎች ነገራቸው። እነሱ ግን የወሩን ደመወዜን ያዙት፤ "ገንዳው ያንቺ ኃላፊነት ነው" ተባልኩ። ልጁ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ደመወዝ እስከ መጨረሻው አልተሰጠኝም።

ሁለቱ ቅርንጫፎች ዳኑ፤ አንዱ ሞተ። የዳኑት ቀለማቸውን ሲመልሱ ወራት ፈጀባቸው። እኔ በበኩሌ ደብተሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ቅጂ ነው የጻፍኩት፤ አንዱን ለራሴ። ወደ ሀገሬ ይዤው የገባሁት እሱን ነው።

የገባሁትም በ2006 ኅዳር ነው። ያ ጊዜ ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሰበት ነው። በአንድ ሻንጣ፣ አንዳንዱም በፌስታል ብቻ። ቦሌ ስንወርድ ብርድ ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ወጥታለች። እጄን ዘርግቼ እንደቆምኩ አስታውሳለሁ።

*

አባቴ የአሰብ ሹፌር ነበር። ኮምቦልቻ ከተማ የሆነችው በዚያ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጣሊያን የሠራው መንገድ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሚሌን፣ ሰርዶን፣ ማንዳን፣ ቡሬን አልፎ ባሕሩ ላይ ያልቃል። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ግማሹ አባወራ ወይ ሹፌር ነው፣ ወይ ረዳት፣ ወይ ጎሚስታ። አባቴ ባለ ተሳቢ ፊያት ይነዳ ነበር። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። አባቴ አሰብን ከዚያ ወዲህ አላያትም። አሁን ጡረታ ወጥቶ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እህቴ ዘንድ ነው የሚኖረው።

ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ አንድ ነጭ የመርጃን አጥንት አለ። ቁመቱ ስንዝር ነው፤ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነው። አባቴ ካምፖ ሱዳን ከሚባለው የአሰብ ሰፈር ከአንድ ልጅ ላይ ገዝቶ ያመጣው ነው። ገና ከባሕር እንደወጣ ነበርና በመንገድ ላይ መሽተት ጀመረ። ረዳቱ ባቲ ሲደርሱ "ወይ እሱ ይውረድ ወይ እኔ" ብሎ ነበር ይላል። እማዬ በበረኪና ዘፍዝፋ፣ ጣራ ላይ አስጥታ ነው ሽታውን ያጠፋችው።

ከጂዳ በተመለስኩ በሳምንቱ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበረ፤ ሐረጎ አናት ላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ደሴ ስንደርስ ጦሳ ጭራሽ አይታይም። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ሩብ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ደሴ ግን ከኮምቦልቻ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ትበልጣለች። በጉሙ ብርሃን ውስጥ ቡፌው ላይ ያለው መርጃን ከሌላ ቀን ይልቅ ነጭ ሆኖ ታየኝ።

"አባ፣ ይሄ እኮ እንስሳ ነበር" አልኩት።

"መርጃኑ?"

ነገርኩት። ስለ ፖሊፑ፣ ስለ ደባሉ፣ ስለ ብርሃኑ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ።

"አንድ ጊዜ የወደብ ልጆች በጀልባ ይዘውኝ ወጥተው ነበር። ውሃው ያን ቀን ጠርቷል። ከስር ቢጫም ነበረ፣ ሐምራዊም፣ አረንጓዴም። እኔ ከልጁ የገዛሁት ግን ሲደርቅ ነጭ ሆነ። ሌላ ነገር ሸጦልኝ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ልጅ ሳማው ኖርኩ።"

"ያው ነው አባ። ቀለሙ የሥጋው ነው። የቀረው አጥንቱ ነው።"

"መብራት ቢገባለትስ ኖሮ? ውሃ ውስጥ አድርገን?"

"የሞተን መብራት አያስነሳውም።"

ራሱን ነቀነቀ። አንስቶ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገለትና ቦታው መለሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ "ይሄ እንስሳ ነው" እያለ የሚያስረዳው እሱ ነው።

*

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ግን ባለፈው ዓመት የመጣ ሥራ ነው።

ኮምቦልቻ ከአንድ ሆቴል ፊት ለፊት ጀበና ቡና እሸጣለሁ። የሆቴሉ ባለቤት ሀጂ ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ነው የሚጠጡት። ጂዳ የባሕር ገንዳ እንደምይዝ ከሰው ሰምተው ኖሯል። አንድ ቀን ስልካቸውን አወጡና ሦስት መብራት አሳዩኝ። ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ የመርጃን ገንዳ አይተው ልባቸው ቀርቷል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ አራት መቶ ሊትር የሚይዝ ሊያሠሩ ነው።

"ልጄ፣ የቱ መብራት ይሻላል? አንቺን የወር ደመወዝተኛ አድርጌ ነው የማሠራሽ" አሉ።

የነገሩኝ ደመወዝ ከቡናው የሚበልጥ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የቤት ኪራይ ጨምሯል። "አንድ ሳምንት ይስጡኝ ሀጂ" አልኳቸው፤ ደብተሬን አውጥቼ ቁጭ አልኩ።

መብራቶቹ ሦስቱም ይሠራሉ። ኤልኢዲ ናቸው፣ ሰማያዊ አላቸው፣ መቆጣጠሪያ አላቸው። ከመረጥኩ መሃለኛውን እመርጥ ነበር፤ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ ስለሚበትን ጥላ አይሠራም። ግን ጥያቄው እሱ አልነበረም።

በሳምንቱ አቦሉን ቀድቼ ነገርኳቸው። የጀመርኩት ከጨው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር እንዲያውም ወደ 40 ይጠጋል። ለአራት መቶ ሊትር 14 ኪሎ ይሆናል። በየሳምንቱ አሥር በመቶ ይቀየር ከተባለ ሌላ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ።

"ጨው ነው የጠፋው? ከአፍዴራ በመኪና አስመጣልሻለሁ" አሉ።

"ሀጂ፣ የአፍዴራው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ማግኒዚየሙም፣ ካልሲየሙም፣ ፖታሲየሙም በልኩ ነው። አንዱ ከጎደለ አጥንት አይሠሩም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ከውጭ ነው የሚገባው።"

ቀጥሎ ከፍታው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከጂዳው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ችግሩ በፓምፕ ይካካሳል፤ ፓምፕ ግን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚገርመው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ መርጃንን ቀድሞ የሚገድለው ጨለማው አይደለም። ሦስት ቀን በጨለማ ይቆያል፤ ባለ ገንዳዎች አልጌ ለማጥፋት ሲሉ ሆን ብለው ያጨልሙበታል። የሚገድለው የውሃው መቆም ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ በሰዓታት ውስጥ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ መጀመሪያ ዓሦቹ፣ ከዚያ ሌላው። ቀጥሎ ሙቀቱ ይወርዳል፤ የታኅሣሥ ሌሊታችንን ታውቁታላችሁ። መብራቱ በተራ ሦስተኛ ነው።

"ጀነሬተር አለኝ" አሉ ሀጂ።

"በ2014ስ?"

ዝም አሉ። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር ማለቂያ ሲቆይ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። የሆቴሉ ጀነሬተርም የሄደው ያኔ ነው። ያን ጊዜ ስለ ውሃና ስለ ዱቄት ነበር የምናስበው። እኔ ግን አንድ ማታ በኩራዝ ተቀምጬ ያ የጂዳው ገንዳ እዚህ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር ብዬ አስቤያለሁ። እስከ ንጋት አይደርስም ነበር።

መጨረሻ ላይ መርጃኑን አነሳሁ። ባለ አጥንት መርጃን እንደ ቡና በጆንያ ተጭኖ አይመጣም። በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ የተመዘገበ ነው፤ ድንበር ለመሻገር ፈቃድ ይፈልጋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ሀጂ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "እንግዲያ ገንዘብ የማይገዛው ነገር አለ በይኛ።"

"ይገዛዋል ሀጂ። ግን እየደጋገሙ ነው የሚገዙት።"

ደመወዙ እንደሄደ ነበር የቆጠርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ስናገር ድምፄ ተንቀጥቅጧል። "መሃለኛውን ይግዙ" ብዬ ሦስት ወር ደመወዝ መብላት ይቻል ነበር፤ መርጃኑ ሲሞት ደግሞ "ገንዳው ያንቺ ኃላፊነት ነው" የሚለውን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ መስማት። ያን ቃል በአማርኛ መስማት አልፈለግኩም።

ቶናውን እስኪጨርሱ አልተናገሩም። ከዚያ "ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ።

*

አሁን ሆቴሉ ውስጥ ያለው ጨው የሌለው ውሃ ገንዳ ነው። ዓሦቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ፤ ተክሎቹም እንደዚያው። መብራቱን ከዚሁ ከኮምቦልቻ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት፤ 6,500 ኬልቪን የሚል ተራ ነጭ ኤልኢዲ። የጣፋጭ ውሃ ተክል የመርጃን ደባል አይደለም፤ ጥልቅ ባሕር አይቶ አያውቅም፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም ይበላል፣ ስለዚህ ነጩ ይስማማዋል። ለሱ የ20,000ውን ሰማያዊ መብራት መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሀጂ ገንዳውን ያሰቡት በመንገዱ በኩል፣ ትልቁ መስታወት ሥር ነበር። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስወሰድኩት። የኮምቦልቻ የከሰዓት ፀሐይ በመስታወት ሲገባ ውሃውን ያሞቃል፣ በሳምንት ውስጥም አረንጓዴ ያደርገዋል። ነፃ ነው ተብሎ የማይወሰድ ብርሃን አለ።

መብራቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ይበራል፤ ስምንት ሰዓት። የጀመርኩት ግን በስድስት ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ። የሰዓት መቆጣጠሪያ ገጥሜበታለሁ፤ ከልምድ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም አለችው።

ውጭ ሀገር ያላችሁና መርጃን የምትይዙ ካላችሁ፣ ከደብተሬ የምሰጣችሁ ይህን ነው። መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምታሳድጉ ወስኑ፤ ለስላሳውን ለማኖር የአክሮፖራን መብራት አትግዙ። ከተቻለ ፓር መለኪያ ተከራይታችሁም ቢሆን ለኩ፤ የስልክ ብርሃን መለኪያ የሰውን ዓይን ነው የሚመስለው። ከግማሽ በታች ጀምሩ፣ በሳምንታት ከፍ አድርጉ። አዲስ የመጣውን ታች አሸዋው ላይ አስቀምጡት፣ ሲለምድ ይውጣ። ቡናማ ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ከነጣ መብራቱን ዛሬውኑ ዝቅ አድርጉ፣ ሙቀቱንም እዩ። ማስተካከያውን ደግሞ ለእንግዳ ልጅ ስልክ አትስጡ።

አባቴ ባለፈው ረመዳን ማግስት ከደሴ ወርዶ ገንዳውን አየው። ሀጂ ሻይ አስመጡለት፤ ሁለቱ ስለ አሰብ ሲያወሩ አመሹ፤ ሀጂም ለካ በወጣትነታቸው በዚያ መንገድ ጨው ይነግዱ ነበር። 12 ሰዓት ሲሆን የገንዳው መብራት ጠፋ።

"ምነው፣ እያየን እኮ ነው፤ አብሪልን እንጂ" አለ አባቴ።

"አይሆንም አባ፤ ይተኙ እንጂ" አልኩት።

ሀጂ ሳቁ። "እኔም የሆቴሉ ባለቤት ሆኜ አብሩ ማለት አልችልም፤ እሷ ናት የምታዝዘው" አሉ። አስተናጋጁ የሳሎኑን መብራት አበራላቸው፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ።